ማሽኖቹን ማን ይቀስቅስ

ማንበብ የምችለውን ነገር ሳይጠይቁኝ አጠፉብኝ። በደሉ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩንም ራሴ ልጻፈው፣ ሌላው ወገን ሲያወራው ሳቅ ይጨምርበታልና።

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ፈርም ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ላይ እየጫንኩ፣ ደብዳቤ ሲመጣልኝ የሚያነብልኝን ሰው ፊት እያየሁ ኖርኩ። የሰው ፊትም ራሱን የቻለ ንባብ ነው፤ አንባቢው መስመር ሲዘልል፣ የሌለ ሰላምታ ሲጨምር አውቅ ነበር። ትውልዴ አምባሰል ነው። ወደ ሐይቅ ከተማ የወረድኩት ለዘበኝነት ሲሆን የተቀጠርኩበት ቤት ደግሞ፣ ዕድሌ ሆኖ፣ የማንበቢያ ቤት ነበር። ማንበብ የማይችል የመጽሐፍ ዘበኛ። ከተማው አንድ ክረምት ሙሉ ሳቀበት።

ቤቱ አሥራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተሮችና አንድ ሰርቨር ነበሩት። ሰርቨር የሚሉት መጻሕፍቱን ሁሉ ይዞ ለሌሎቹ የሚያካፍለውን ትልቁን ማሽን ነው። ያቋቋማቸው አንድ አስተማሪ ነበር። ውስጣቸው ያለው ሲስተም በነጻ የሚታደል፣ ማንም ከፍቶ አይቶ ሊያስተካክለው የሚችል ክፍት ሲስተም ነው ብሎ ነገረኝ።

“ለማያነብ ሰው ክፍት ሆነ ዝግ ምን ልዩነት አለው?” አልኩት።

“እንግዲያው ተማር” አለኝ። ተማርኩ። የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ከአሥራ አራት ሴቶች መሐል ብቻዬን ወንድ ሆኜ፣ ሀ ሁ አልኩ። ሴቶቹ ከእኔ ቀድመው ጨረሱ። ይኼንንም የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይጽፍብኝ ነው።

ከፊደል ቀጥሎ አስተማሪው ያስነበበኝ ዳዊት ወይም ተረት አልነበረም። የማሽኑን መነሻ ፋይሎች ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሳ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ቀስቃሽ እንበለው። ሥራው ሌሎቹን መቀስቀስ ነው፤ ሰዓቱን፣ ኔትወርኩን፣ ዲስኩን፣ መጻሕፍት አካፋዩን። የእኛ ቀስቃሽ የድሮው ዓይነት ነበር። በቁጥር የተደረደሩ ጽሑፎችን ተራ በተራ ያነባል፤ አንዱን ይቀሰቅሳል፣ እስኪነሳ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንደ ሠርግ ቤት ማለዳ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ ቀጂዋ ትነሳለች፣ ቀጥሎ አራጁ፣ ቀጥሎ ወጥ ሠሪዋ። ወጥ ሠሪዋን ሥጋ ሳይኖር ቢቀሰቅሷት ተቀምጣ ከመሳደብ በቀር ምን ትሠራለች?

ፋይሎቹ ውስጥ አጥር የምትመስል ምልክት አለች። “ከሷ በኋላ የምትጽፈውን ማሽኑ አያነበውም፤ ለሰው ነው፣ በአማርኛም ቢሆን ጻፍ” አለኝ አስተማሪው። ደብተሬ እሱ ሆነ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስሜ ውጭ የጻፍኩት ነገር ከዚያች አጥር በስተኋላ ነው። ማሽኑ አጥሩን አይሻገርም፤ እኔም ከአጥሩ ወዲህ የልቤን እጽፋለሁ።

ከሁሉ ቀርፋፋ መጻሕፍቱ ያሉበት ዲስክ ነበር። መብራት በየጊዜው ይሄዳል፣ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ዲስኩ እንደ ልጅ ነው፣ በቶሎ አይነቃም። ቀስቃሹ ሳይጠብቀው ካለፈ መጻሕፍቱ አይታዩም። “ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለካና ቁጥሩን አስገባ” አለኝ አስተማሪው። ሰዓት አልነበረኝም። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ አልነሳም። ደግሜ ደገምኩ፤ ማንኮራፋት ጀመረ። ሦስተኛው ሲያልቅ ተነሳ። አስተማሪው ከት ብሎ ስቆ ሲያበቃ በሰዓቱ እየለካ አስደገመኝ፤ አንዱ ሃያ አምስት ሰከንድ ሆነ። ሰባ አምስት ብለን አስገባን። ከአጥሯ በኋላ ደግሞ በእጄ “ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ጠብቅ” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም።

አስተማሪው ተዛውሮ ሄደ። ፋይሎቹን በወረቀት አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎልኝ ነበር። ስድስት ዓመት መብራት ሲመጣ “ጋሼን ጥሩ” ይባል ነበር። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር በእግር የሚመጡ ተማሪዎች በር ላይ ቆመው እኔን ይጠብቁ ነበር። ዘበኛ ተብዬ ገብቼ ጋሼ ሆንኩ፤ ይኼን ያደረገልኝ ደመወዝ ጭማሪ ወይም ሹመት አይደለም፣ ያ ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት ነው።

ከዚያ ልጅቱ መጣች።

ማሽኖቹን እንድትጠግን የተቀጠረች፣ ኳታር ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች የሐይቅ ልጅ ናት። መጀመሪያ ሰው ቤት፣ በኋላ ኮምፒውተር የሚጠገንበት ድርጅት ውስጥ ጽዳት ሆና ገብታ፣ እያየች እያየች ራሷ ጠጋኝ ሆና የወጣች። ሙያዋን አልነቅፍም። የነቀፍኩት በመጣች በሦስተኛው ቀን ግድግዳዬ ፊት ቆማ አንገቷን ማዘንበሏን ነው።

“ጋሼ፣ ይሄ ቀስቃሽ እኮ ጊዜው አልፏል” አለችኝ። “አዲሱ የሲስተም እትም ላይ ጭራሽ የለም።”

“እስጢፋኖስ ገዳም ያለውስ ብራና? ጊዜው አላለፈም?”

“ብራናው ኔትወርክ የለውማ።”

የአዲሱን ቀስቃሽ ሙገሳ ስትዘረዝር ሰማኋት። አንድ በአንድ አይቀሰቅስም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ራሱ ያውቃል። የወደቀውን ያነሳል። መዝገቡን ይይዛል፣ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ይቆጣጠራል። ድንቄም። የእድር ሊቀመንበር ሆኖ ጸሐፊውም እሱ፣ ጥሩምባ ነፊውም እሱ፣ መቃብር ቆፋሪውም እሱ የሆነ ሰው አይቼ አውቃለሁ። የእድሩን ድንኳን እስካሁን እንፈልጋለን።

ለካ ነገሩ የኔና የሷ ብቻ አልነበረም። ይኼን ሲስተም የሚሠሩት ፈረንጆችም በዚሁ በቀስቃሽ ነገር ዓመታት ተነታርከዋል። ራሷ ናት የነገረችኝ። ግማሹ አሮጌው ይበቃል፣ አንድ ፕሮግራም አንድ ሥራ ይሥራ አለ፤ ግማሹ አዲሱ ይሁን አለ። ተሰዳደቡ፣ ድምጽ ሰጡ፣ አዲሱ አሸነፈ። ከተሸነፉት አንዳንዶቹ እሺ አላሉም፤ ሲስተሙን እንዳለ ገልብጠው፣ አሮጌውን ቀስቃሽ ይዘው፣ የራሳቸውን ቤት ሠርተው ወጡ።

“ጎጆ ወጡ በያ” አልኳት።

“ጎጆ ወጡ። ግን ጋሼ፣ ብዙ ሰው አልተከተላቸውም።”

ብዙ ሰው ያልተከተለው ነገር ሁሉ ስሕተት ከሆነ ብዬ ልመልስላት ነበር፤ ተውኩት። ይልቅ ወገን ይሆነኛል ብዬ ለአስተማሪው ስልክ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ “እኔማ ከቀየርኩት ቆየሁ እኮ” አለኝ። ያስተማረኝ ሰው ነው። ለቤተሰብህ ሰላምታ አቅርብልኝ ብዬ ዘጋሁት።

መስከረም ላይ ለስለት ግሸን ወጣሁ። በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ፣ ከዚያ ተራራው ላይ ከርሜ፣ ስመለስ አምስተኛ ቀኔ ነበር። በሩን ስከፍት ግድግዳው ባዶ ነው። ወረቀቴ የተለጠፈበት ቦታ ብቻ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። ዲስኩን ሳልነካ ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ሁሉም እንደደነገጠ መንጋ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ቁጥር የለ፣ ተራ የለ።

የባሰው መዝገቡ ነው። ማሽን ውሎውን የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ማን ተነሳ፣ ማን ወደቀ፣ በስንት ሰዓት። ሌላው ሰው ጧት ሬዲዮ ሲከፍት እኔ እሱን ነበር የምከፍተው። እንግሊዝኛውን በቅርጹ ነው የማውቀው፤ ወደቀ የሚለውን ቃል እንደ ክፉ ጎረቤት ከሩቅ እለየዋለሁ። አሁን ስከፍተው ፊደል አይደለም፤ የተፈጨ ነገር ነው። “እሱ እንዲህ አይነበብም ጋሼ” አለችኝ። “ራሱን ቀስቃሹን በትእዛዝ ይጠይቁታል፣ አውጥቶ ያሳይዎታል።” ስለዚህ ስለ ማሽኑ ለማወቅ ማሽኑን ደጅ መጥናት ሊኖርብኝ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ሰው እስኪያነብልኝ ደጅ ጠንቼ ጨርሻለሁ መስሎኝ ነበር።

“ግሸን እስክሄድ ነበር የጠበቅሽው?”

“ቤቱ ሰው የማይበዛበት ሳምንት ስለሆነ ነው። ወላሂ ለሌላ አይደለም።”

“ወረቀቴስ?”

“አዲስ ሊለጠፍ ነዋ።” አልተለጠፈም።

በሳምንቱ መብራት ሄደ፣ መጣ። አዲሱ ቀስቃሽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀሰቀሰ፤ ዲስኩ እንደልማዱ ተኝቷል። ከአርዲቦ የመጡት ተማሪዎች ማሽኖቹን ከፈቱ፤ አንድ መጽሐፍ የለም። ፈተና ነበረባቸው። ልጅቱ ከማሽን ማሽን ትሮጣለች። እኔ በር ላይ ወንበሬን አውጥቼ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

“ጋሼ፣ ዲስኩን ስንት ሰከንድ ነበር የሚጠብቀው?”

“እኔ ዘበኛ ነኝ” አልኳት።

ተማሪዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። ደስ አለኝ። ይኼንንም እጽፈዋለሁ፤ ደስ አለኝ፣ ቁርሴ ጣፈጠኝ። በማግስቱ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስኩን ጠበቀው። ቆጠርኩ፤ ልክ ሰባ አምስት ሰከንድ። ቁጥሩን ከየት አመጣችው ብዬ ሦስት ቀን ስብሰለሰል ከረምኩ።

እኔም እንደ ፈረንጆቹ ጎጆ ወጣሁ። አስተማሪው የሰጠኝ ፍላሽ ላይ አሮጌው ሲስተም ነበር፤ ጥግ ላይ ያለውን ማሽን በሱ ሞላሁት። አንድ ቤት፣ ሁለት መንግሥት። ተማሪዎቹ “በጋሼ ነው ወይስ በሷ?” እየተባባሉ ይቀመጡ ጀመር። በኔ የሚቀመጡት ጥቂት ነበሩ፤ አንደኛው ደግሞ ጥጉ ለእንቅልፍ ስለሚመች ነው።

የቤቱ ኃላፊ ሁለታችንንም ጠራን። “የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልጽፍልህ ነበር” አለኝ። “አሁን ማንበብ ስለምትችል ፈራሁ። ለአበጋሮች ተናግሬያለሁ።”

አበጋር በእኛ አገር ደም የተቃባን ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ምንጣፍ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ የቆረጡትን የሚያልፍ የለም። ለቀስቃሽ ፕሮግራም አበጋር ሲቀመጥ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ሆነው መጡ፤ አንዱ ከዘራቸው ከሳቸው የሚረዝም ሙስሊም አዛውንት፣ ሌላው የኔ አገር ሰው የሆኑ ገበሬ። የሚካኤል በዓል ስለነበር ገበሬው ሞፈር አልያዙም፣ የማንበቢያ ቤቱም ዝግ ነው። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ዱዓ ተደረገ፤ አሚን አልን።

“በል ተናገር” አሉኝ ገበሬው። “ምንህን ወሰደችብህ?”

“ቀስቃሼን።”

“አውራ ዶሮ ነው?”

“አይደለም አባቴ፤ የማሽን ቀስቃሽ ነው።”

ሁለታችንም እየተቀባበልን አስረዳን። ሙስሊሙ አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆይተው፣ “ይሄ ሁሉንም የሚቀሰቅስ የምትሉት፣ እሱን ራሱን ማን ይቀሰቅሰዋል?” አሉ።

“የሲስተሙ እምብርት ይቀሰቅሰዋል አባባ” አለች ልጅቱ።

“እሱ ቀስቃሹ ቢሞትስ?”

“ሁሉም ይሞታል” አልን፣ እኔና እሷ በአንድ አፍ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማማነው እዚያ ላይ ነው።

“የአሮጌውም የአዲሱም?”

“የሁለቱም።”

“ታዲያ ጠባችሁ ምኑ ላይ ነው?”

ተራዬ ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የእኔ ቀስቃሽ የተደበቀ ነገር የለውም አልኩ። ሁሉ ነገሩ ጽሑፍ ነው፣ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። የሷ ግን መዝገቡን ፈጭቶ ደብቆ፣ ካልጠየቁት አይናገርም። ሰው የማያነበው ነገር ደግሞ ሰው አያዝበትም። ጥሩ ተናገርኩ፤ ገበሬው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ያንተን ማንም ያነበዋል?” አሉኝ አዛውንቱ።

“ማንም።”

“አባባ፣ እንግዲያው እኔ ላንብብላችሁ” አለች። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። የግድግዳዬ ወረቀት አይደለም፤ እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ከአጥሯ በስተኋላ የጨመርኩትን ሁሉ አትማ ይዛ መጥታለች። አላጠፋችውም ነበር ማለት ነው።

“‘ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ጠብቅ።’ ሰባ አምስቱን ያገኘሁት ከዚህ ነው” አለች። ገበሬው ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሞኝ።

“‘ይህ ማሽን እንደ ኃላፊው ነው፤ ሁለት ጊዜ ካልጠሩት አይነሳም።’”

ኃላፊው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ጫማውን ማየት ጀመረ።

“‘አዲስ ልጅ መጣች፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። አረብ አገር ያነገሣት ይመስል ትንቀባረራለች። ይህን ቀስቃሽ የምትነካ ከሆነ እጇ ይሰበር።’”

የገበሬው ፈገግታ ጠፋ። እርግማን በእኛ አገር ቀልድ አይደለም፤ አበጋር ፊት ሲነበብ ደግሞ ጭራሽ። ወረቀቱን አጥፋ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

“ስምንት ዓመት የበላሁት በዚህ እጅ ነው” አለች። “እናቴን ያሳከምኩት በዚህ እጅ ነው። ጋሼ የረገሙት እጄን ነው። የቀስቃሹን ነገር እተወዋለሁ፤ ይሄን ግን አልተወውም።”

“አንተ ነህ የጻፍከው?” አሉኝ አዛውንቱ።

“እኔ ነኝ።”

“መጻፍ ባትማር ምን ታደርግ ነበር?”

“በአፌ እለው ነበር።”

“በአፍህ ብትለው እኮ ይኼኔ ተረስቷል።”

ለዚህ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ማንም ያነበዋል ብዬ ስመካበት የነበረው ነገር ተነበበ። ገበሬው ዝቅ ባለ ድምጽ፣ “ልጄ፣ እውነቱን ንገረን፤ በርግጥ ምን ቀረብህ?” አሉኝ። ስለ ተራ፣ ስለ ቁጥር፣ ስለ ፈረንጆቹ ድምጽ ልናገር አፌን ከፈትኩና ሌላ ነገር ወጣኝ።

“መብራት ሲመጣ የሚጠራኝ ሰው” አልኩ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ ሰዓት አልፈጀባቸውም። አዲሱ ቀስቃሽ ይቀመጥ አሉ፤ ልጅቱ በሥራዋ አላጠፋችም፤ ያጠፋችው ሰው ለስለት በወጣበት ቤቱን መንካቷ ነው። ስለዚህ መዝገቡን በሚነበብ ጽሑፍም እንዲያወጣ ታድርግ፣ አዲሶቹን ፋይሎች አትማ ግድግዳው ላይ ትለጥፍ። እኔ ጥጉ ላይ የሠራሁትን ጎጆ አፍርሼ ልግባ፤ እርግማኑን በገዛ እጄ ልፋቅ፣ በቦታውም ምርቃት ልጻፍ፤ እጇንም ልሳም። ሳምኩ። እጇ ላይ ከፈላ ዘይት የቀረ ጠባሳ አለ፤ እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር።

“ምርቃቱን የት ልጻፈው?” አልኳት። “ያንቺ ቀስቃሽ አጥር የለው።”

“አለው እንጂ ጋሼ። ፋይሎቹ እኮ ያው ጽሑፍ ናቸው። አላዩአቸውም?”

አላየኋቸውም። ማንበብ ተቀማሁ እያልኩ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ስጮህ አንድ ቀን ከፍቼ አላየኋቸውም። ሽማግሌዎቹ ሳቁብኝ፤ እስኪጨርሱ አዳመጥኳቸው።

ገብተን ሰርቨሩን ከፈተችልኝ። ፋይሉ አጭር ነው፣ ከኔ ያጥራል፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ በመስመር በመስመር ተጽፏል። የዲስኩ መስመር ላይ ሰባ አምስት ብላ አስገብታለች፤ ከጎኑ ማብራሪያ የለም። መዝገቡን አሁን በየጧቱ አነበዋለሁ። ፍጥነቱን ግን አላመሰግንም፤ የተረፈችውን አንዲት ደቂቃ ተማሪዎቹ ስልካቸውን ሲያዩባት ነው የማየው። መብራት ሲመጣም የሚጠራኝ የለም፤ ሁሉም በራሱ ይነሳል። አንዳንድ ቀን እሷ፣ ሥራ ባይኖርም፣ “ጋሼ፣ ይምጡና ይዩት” ትላለች። እሄዳለሁ። ምንም የሚታይ ነገር የለም።

ያን ዕለት ማሽኑ የፈረንጅ ቀን አሳየኝ፤ እኔ በእኛው ጻፍኩ። አጥሯን አስቀደምኩና፣ ቀስ ብዬ እንዲህ አልኩ፦ ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ጠብቅ፤ ወይም ሙስሊም ከሆንክ የምታውቀውን ያህል ቁርአን ቅራ። ይህን ፋይል የጻፈች እጅ ትባረክ። ጠቡ በሽማግሌ አለቀ፤ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን።